የአሞስ ዝምታ

ኢነድ ክራምፕተን የምትተዳደረው በሳቋ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ ሂዩበርት ደግሞ በዝምታው። ከአንድ አባትና እናት ተወልደው፣ በአንድ የለንደን ሰፈር አድገው፣ ዛሬም ፔክሃም ውስጥ በአንዲት ጠባብ ባለ ፎቅ ቤት አብረው ይኖራሉ፤ እሱ ከሚስቱ ከሙሪየል ጋር በፊት ለፊቱ ክፍል፣ አሮጊት እናታቸው ምድር ቤት ከጋዝ ማሞቂያው አጠገብ፣ እሷ ደግሞ ላይ በጓሮ በኩል ባለችው፣ መስኮቷ የጎረቤትን የልብስ ገመድ በምታየው ክፍል። መልካቸው እንኳ አይገጥምም። እሷ ድንቡሽ ያለች፣ ጉንጯ እንደ ፖም የቀላ፣ ገና ሳትስቅ ሰው በፈገግታ የሚቀበላት ሴት ናት። እሱ ረጅም፣ አጥንቱ የወጣ፣ ከንፈሩን ገጥሞ የሚውል ሰው ነው፤ ሲያዩት የመጣበትን ጉዳይ ለመናገር የሚያመነታ መርዶ ነጋሪ ይመስላል።

ይህ የመርዶ ነጋሪ ፊቱ ነው ስድስት ዓመት ያኖረው። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ግማሹ አገር «ሰሜናዊው ክንፍ» የተባለውን የሆስፒታል ድራማ ለማየት ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። ሂዩበርት በድራማው ውስጥ አሞስ ነው፤ የሞቱ ሕሙማንን በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ምድር ቤት የሚያወርድ ሽማግሌ። በአንድ ምሽት ከሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ አይሰጡትም። ወጣቱ ዶክተር «አሞስ፣ አልፏል ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። አሞስ ዶክተሩን ያያል፤ አንሶላውን ያያል፤ ዝም ይላል። ዝምታው እየረዘመ ይሄዳል፤ በየቤቱ ሻይ ሊጠጣ ስኒውን ያነሣ ሰው ሳይጠጣ ይጠብቃል። ከዚያ «ቆይቷል፣ ዶክተር» ይላል፤ አገሩም ይተነፍሳል። አንድ ሐያሲ የአሞስ ዝምታ ከሌሎቹ ተዋንያን ንግግር ሁሉ የበለጠ እንደሚናገር ጽፎ ነበር፤ ሙሪየል ይህችን ጽሑፍ ከጋዜጣው ቆርጣ መስታወቱ ጥግ ላይ ሰክታታለች። ሥጋ ሻጩም ሙሪየል በመጣች ቁጥር «ይህማ ለአሞስ አይሆንም» እያለ ቢላዋውን ወደ ተሻለው ወገን ይመልሳል።

ዝምታው ግን ትወና አይደለም። ሂዩበርት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተብታባ ነው። ቃሉን አይደጋግምም፤ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቆለፍበታል እንጂ። ቁልፉን የሚከፍትለት የመሃል ጣቱ ነው፤ እናቱ በልጅነቱ እንዳስተማሩት አንድ ጠንካራ ነገር በጣቱ ይመታል፣ ሁለት ፈጠን ያሉ ምቶች፣ አንድ ዘግየት ያለ፣ ከዚያ ምቱን ተከትሎ ቃሉ ይወጣል። በድራማው ላይ የሚመታው በአንሶላው ሥር የተደበቀውን የአልጋውን ብረት ነው። ድራማው በቀጥታ ነው የሚተላለፈው፤ የተበላሸ ነገር አይመለስም፤ ተብታባን በቀጥታ ሥርጭት ፊት የሚያቆም ዳይሬክተር ደግሞ በእንግሊዝ አገር አልተወለደም። ስለዚህ ከቤተሰቡ በቀር ማንም አያውቅም። መባረሩ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፤ ጣቱን ሰው ካየበት ምቱ ይጠፋበታል፣ ምቱ ከጠፋ ቃሉ ጨርሶ አይወጣም። በቤት ውስጥም ደንቡ ይኸው ነው። ሂዩበርት ቃል ሲያዝበት ሁሉም ወደ ሳህኑ ያጎነብሳል፤ ማንም ቃሉን አይጨርስለትም፤ ማንም እጁን አያይም።

በዚያ እሑድ የምሳው ጠረጴዛ ላይ የበግ ጥብስና ውኃ ያነቀው ጎመን ቀርቦ ነበር። ሙሪየል የድንጋይ ከሰል ዋጋ እንደገና መጨመሩን ተናገረች፤ ቀጥላ የጎረቤት ሴትዮ ምንጣፍ በየሳምንቱ በሚከፈል ዱቤ ማስገባቷን፣ ምንጣፉም የተቀቀለ ጉበት የመሰለ ቀለም እንዳለው አወራች። አሮጊቷ ሚስስ ክራምፕተን ጆሯቸው ከብዷል፤ የሰሙትን በልተው ያልሰሙትን ይተዋሉ። ኢነድ ኮፍያዋን ቀድማ አድርጋ ነበር የምትበላው፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ አለባት።

ሥራው እንዲህ ነው። በሥራ ቀን በአንድ የአዝራርና የክር ሱቅ ውስጥ በሻጭነት ትሠራለች። የቀልድ ሸክላ የሚቀረጽበት ቀን ሲሆን ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ እሑድ፣ ኩባንያው ስቱዲዮው ውስጥ አርባ ያህል ሰው ሰብስቦ ቢራና ሳንድዊች ያቀርባል፤ ሳቃቸው ከቀልዱ ጋር አብሮ ሸክላው ላይ እንዲገባ። ይሁንና አርባ የማይተዋወቁ እንግሊዛውያን በቀን ብርሃን፣ ገና ሁለተኛ ብርጭቆ ሳያነሡ፣ በቀላሉ አይስቁም። አንድ ሰው መጀመር አለበት። ኢነድ ትጀምራለች። ሳቋ እንደሚፈላ ማንቆርቆሪያ ከታች ጀምሮ ይንተከተክና ክዳኑን ይዞ ይነሣል፤ የሰማው ሁሉ ሳይወድ ይከተላታል። በሙያው ውስጥ ያሉት «ክብሪት» ይሏታል።

«ዛሬ ደግሞ በማን ልትስቂ ነው?» አሉ እናቷ።

ኢነድ እንደማታውቅ፣ ሳቁ ትኩስ እንዲሆን አስቀድመው እንደማይነግሯቸው ጮክ ብላ አስረዳች።

«በማን እንደሆነ ሳታውቂ ትስቂያለሽ?»

«ለእሱ እኮ ነው የሚከፍሉኝ፣ እማዬ።»

ሙሪየል ይህን ሰምታ በአፍንጫዋ ተነፈሰች። ሂዩበርት ሹካውን አስቀመጠ፤ አንድ ነገር ሊል ነው። ሦስቱ ሴቶች ወደ ሳህናቸው አጎነበሱ፤ ጎመኑ እየቀዘቀዘ ጠበቁት። በመጨረሻ ሰማዩ ጠቁሯልና ወፍራሙን ካፖርት ለብሳ እንድትወጣ ነገራት። ወፍራሙን ለብሳ ወጣች።

ስቱዲዮው ከአንድ የፒያኖ መሸጫ በታች ያለ ምድር ቤት ነው። ግድግዳው ድምፅ እንዲውጥ በቡናማ ጨርቅ የተለበጠ ስለሆነ፣ ገብቶ የሚያወራ ሰው የገዛ ድምፁ ከአፉ ሳይርቅ ሲሞት ይሰማዋል። የመጡት የቢሮ ጸሐፊዎችና ወንድሞቻቸው፣ አንድ ጥርስ ሐኪም ከነሚስቱ፣ ሁለት የአውቶቡስ ሾፌሮች ነበሩ፤ የካም ሳንድዊቹ ጠርዝ ደርቆ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ኢነድ እንደ ወትሮዋ ሁለተኛው ረድፍ መካከል፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለው ማይክሮፎን ሥር ተቀመጠች። ቅጂውን የሚመሩት ሚስተር ኦድሊ በመስታወቱ ወዲያ፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ሥር እንደሰኩ፣ ለሁሉም በእጃቸው ሰላምታ ሰጡ። የእሳቸው ደንብ የታወቀ ነው፤ የተሳቀበት ሸክላው ላይ ይቀራል፣ ያልተሳቀበት ይሰረዛል፤ ሁለተኛ ዕድል ብሎ ነገር የለም፤ የሞተ ቀልድ በሁለተኛው ቀን አይነሣም ይላሉ።

ከዚያ ቪክ ሎርማን ገባ። ቪክ የሰው ድምፅ እንደ ካፖርት አንሥቶ የሚለብስ ሰው ነው፤ ባለፈው ዓመት የፖሊሱን ድራማ፣ ከዚያ የከብት ነጂዎቹን ድራማ እያላገጠባቸው በሸክላ አውጥቶ፣ ሁለቱም እንደ ትኩስ ዳቦ ተሽጠውለታል። የዛሬው ሸክላ «ደቡባዊው ክንፍ» እንደሚባል ሲያስታውቅ ሰዉ ገና ከርዕሱ ፈገግ አለ። ኢነድ እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ወንድሟ በድራማው የሚታወቀው በሌላ የመድረክ ስም ስለሆነ እዚህ ቤት ውስጥ ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። አሞስ ዋና ሰው አይደለም፤ ምናልባት አይነኩትም ብላ አሰበች። ስለ ነርሷ ኃላፊ ኮቴ ሳቀች፤ ቀዶ ጥገና ላይ ስለሚያዛጋው ሐኪም ሳቀች፤ ሰዉም እየሞቀ ሄደ።

ወጣቱ ዶክተር ሆኖ የሚጫወተው ልጅ «ሽማግሌው፣ አልፏል ማለት ነው?» አለ። ቪክ ትከሻውን አጎበጠ፤ ዝም አለ። ዝምታው የሂዩበርት ነበር፤ ርዝመቱ፣ ክብደቱ፣ ከመናገር በፊት የምትሰማዋ በአፍንጫ የምትገባ አየር ሳትቀር። ከዚያ ቪክ የሻይ ማንኪያ አንሥቶ ከፊቱ ያለውን የቆርቆሮ ትሪ መታ። ሁለት ፈጠን ያሉ፣ አንድ ዘግየት ያለ።

ማንም አልሳቀም። ምን ያስቃል? ሬሳ ገፊ ትሪ ይመታል፤ ከዚህ በላይ የገባቸው ነገር የለም። ጥርስ ሐኪሙ ሚስቱን አየ። ቪክ እንደገና መታ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ታየ። በመስታወቱ ወዲያ ሚስተር ኦድሊ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ሥር አወጡ። ዝምታው አንድ ትንፋሽ ቢቀጥል ኖሮ ነገሩ ተሰርዞ በዚያው ይቀበር ነበር። ከአርባው ሰው መካከል ማንኪያው ምን እንደሚል የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ሳቀች። መሳቋን የሰማችው ከሳቀች በኋላ ነው። ለዓመታት፣ ቀልደኛ ሰው ፊቷ ሲጨነቅና ቤቱ ዝም ሲል፣ እሳት መጫር ሰውነቷ የለመደው ሥራ ሆኗል። ግን ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ በተሻላት። ቪክ በትክክል ነበር ያደረገው፤ አምሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ወደ ሳህን እያጎነበሱ ያላዩት ነገር ሁሉ በአንዲት ማንኪያ ተገልጦ ሲቀርብላት፣ ከሆዷ የተነሣው ሳቅ የተከፈለበት ሳቅ አልነበረም። እንባዋ ወረደ። አርባው ሰው ተከተላት። ቪክ ነፍስ ዘራበት፤ ማንኪያውን አፋጠነ፣ ነርስ ሆና የምትጫወተዋ በር የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ ጠየቀች፣ በመጨረሻም አንሶላ የለበሰው ሬሳ ራሱ ቀና ብሎ እንዲያፋጥኑለት ለመነ። ጥርስ ሐኪሙ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ሚስተር ኦድሊ እርሳሳቸውን ወደ ጆሯቸው መለሱ።

ማንኪያውን ለቪክ የሰጠችው እሷ ናት። በጸደይ ወራት፣ ከአንድ ቅጂ በኋላ፣ ሁሉም ከስቱዲዮው ጎን ባለው መጠጥ ቤት ተቀምጠው ነበር። እዚያ ሁልጊዜ ሌሎች ያወራሉ፣ እሷ ትስቃለች፤ ሳቋ ሲያልቅ የሚያያት የለም። በዚያን ቀን ግን ወሬው ቀዝቅዞ፣ አንዱ «ሰሜናዊው ክንፍ»ን ሲያነሣ፣ አፏን ከፍታ ራሷን አገኘችው፤ አንድ የማውቀው ሰው እዚያ ይሠራል፣ ያ ዝምተኛው ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚያደርገው ብላ ጠረጴዛውን በማንኪያ መታች። ስድስት ሰው ወደ እሷ ዞሮ ሳቀ። በሕይወቷ ሰው ስታስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ደስታው ለሳምንት አብሯት ሰነበተ፤ ከዚያ ረሳችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ቪክ ግን አልረሳም።

ሲያበቃ ኢነድ መጀመሪያ ሚስተር ኦድሊ ዘንድ ሄደች። የማንኪያው ነገር ለሰዉ እንዳልገባው፣ ቢወጣ እንደሚሻል በትሕትና ነገረቻቸው። እሳቸው ሳቁ፤ እሷን በመስታወቱ ሲያዩ እንደነበር፣ በሥራ ዘመናቸው ከዚያ የተሻለ ሳቅ እንዳልቀዱ፣ ያቺ ክፍል የሸክላው መዝጊያ እንደምትሆንና ሸክላው ለገና ገበያ ሱቅ እንደሚገባ ነገሯት። እንደገና እንዲቀረጽ ለመነቻቸው። ሚስተር ኦድሊ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው የቀኑን ክፍያዋን በፖስታ ሰጧት።

ቪክን ኮሪደሩ ውስጥ፣ ሲጋራውን ሲለኩስ አገኘችው።

«ክብሪቴ! ቤቱን እኮ አቃጠልሽው» አላት።

«ቪክ፣ ያ የማንኪያው ይውጣ። አንተ ካልክ ይሰሙሃል።»

«ለምን? የራስሽ ቀልድ አይደለም እንዴ?»

የካፖርቷን አዝራር ቆለፈች። ቪክ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቷን ተመለከተ፣ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ።

«ስሚ፣ ሰውዬው የእውነት ተብታባ ነው እንዴ? ከሆነ ንገሪኝ። በአንካሳ አላሾፍም፤ አሁኑኑ ገብቼ አስወጣዋለሁ። ነው?»

ነው ብትል ማንኪያው ከሸክላው ይወጣል። ነው ብትል ግን ዛሬ ማታ ቪክ በሚጠጣበት ጠረጴዛ ዙሪያ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ በማግሥቱ ተዋንያን በሚጠጡበት ሁሉ ይሰማል፤ ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ዳይሬክተሩ ጆሮ ይገባል። የቪክን አፍ ታውቀዋለች፤ ከራሷ አፍ አይሻልም። ሸክላው ቢያንስ ቀልድ ነው፤ ሰው ቀልድን እንደ ማስረጃ አይወስድም ብላ ራሷን አጽናናች።

«አይደለም» አለች። «እንዲያው ፈጠራ ነው።»

«እንግዲያው ምን ቸገረሽ፣ ውዴ?» አለና ቪክ ጭሱን ወደ ጎን ተነፈሰ።

በአውቶቡሱ ላይኛ ፎቅ ዝናቡ መስታወቱን ሲያጥበው እያየች ሐሙስን አሰበችው። ቀልድ ነው ብሎ የሚተወው ሰው ይኖራል። ግን ሸክላውን የሰማ ሁሉ፣ ለጨዋታ ያህል፣ የአሞስን እጅ ይፈልጋል። አንሶላው ሥር የሚንቀሳቀሰውን ያያል። ሂዩበርትም እንደሚያዩት ያውቃል። ወጣቱ ዶክተር ይጠይቀዋል፤ አገሩ ይጠብቃል፤ ቃሉ አይመጣም። በቀጥታ። ይህን ስታስብ ወፍራሙ ካፖርት ውስጥ በላብ ራሰች።

ቤት ስትደርስ የሰንበት ሻይ ተዘርግቷል፤ የቆርቆሮ ሳልሞን፣ ቅቤ የተቀባ ዳቦ፣ ኩስታርድ የፈሰሰበት ኬክ። ኢነድ፣ ሙሪየል ሻዩን ቀድታ እስክትጨርስ ጠበቀች፤ ከዚያ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሁሉን ተናገረች፤ መጠጥ ቤቱን፣ ማንኪያውን፣ ሚስተር ኦድሊን፣ ለቪክ የመለሰችውንም ሳትደብቅ። ሳቋን ብቻ ዘለለችው።  አሮጊቷ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያዩ ምን ሆናችሁ አሉ፤ ሙሪየል ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብላ፣ ሂዩበርት በተቀመጠበት፣ ያንን ሁሉ እንደገና፣ በአጭሩና በጩኸት ነገረቻቸው። «ጣቱን እማዬ! ጣቱን ለሰው ተናገረች!» ሚስስ ክራምፕተን እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ጭናቸው ላይ ደበቁት፤ ያንን ምት ለልጃቸው ያስተማሩበትን እጅ።

«ደግ ነው» አለች ሙሪየል ቀና ብላ፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «አንዲት ሴት አፏን ለሳቅ ብቻ እንድትከፍት እየተከፈላት፣ በነፃ ከፈተችው።»

ሂዩበርት ሊናገር ነበር። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው አጎነበሱ። ኢነድ ግን ዛሬ ማጎንበስ አቃታት፤ ወንድሟን ፊት ለፊት አየችው። እጁ ከሳህኑ ጎን ተዘርግቶ አልተንቀሳቀሰም። ያለ ምት፣ ያለ ምንም እርዳታ፣ ራሱን እስኪያመው ድረስ ቃሉን ጠበቀው፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ዐይኑ ውኃ አቀረረ።

«ሳቅሽ?» አላት።

«ሳቅሁ።»

«ከልብሽ?»

«ከልቤ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ የጠየቀው የአውቶቡስ ሰዓት ይመስል። ተነሥቶ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወጥ ቤት ገባ። ውኃ ሲቀዳ ሰሙት፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልሰሙም። ሙሪየል የሳህኖቹን ጠርዝ እያስተካከለች፣ ለማንም ሳትል፣ እናታቸው ክረምቱን ያለ ጋዝ ማሞቂያ እንደማይዘልቁት ተናገረች። ኢነድ ከሱቁ በተጨማሪ ሌላ ሥራ እይዛለሁ ልትል አስባ፣ በዚህ ሰዓት ከእሷ አፍ የሚወጣ ነገር ሁሉ የሚያስጠላ ሆኖ ስለታያት ተወችው። ሂዩበርት ማንቆርቆሪያውን ይዞ ተመለሰ፤ ለእናቱ ቀዳ፣ ለሚስቱ ቀዳ፣ ለእህቱም ቀዳላት። ከዚያ ከወንበሩ ኋላ እንደቆመ፣ ሁለት እጁን ወንበሩ ላይ አስደግፎ፣ በየቃሉ መካከል ሌላ ሰው ሙሉ ታሪክ ሊያወራበት የሚችል ጊዜ እያሳለፈ፣ ያሰበውን አስታወቃቸው።

«ነገ ጠዋት ዳይሬክተሩ ዘንድ እሄዳለሁ። ሸክላው ሱቅ ሳይገባ አሞስን እንዲገድሉት እለምናለሁ።»

ሙሪየል እጇን አፏ ላይ አደረገች። ስድስት ዓመት መሆኑን፣ በዚህ ዕድሜው ሌላ የሚቀበለው እንደማይኖር፣ አንዴ ከሞተ መመለስ እንደሌለ ነገረችው። ሂዩበርት አልተከራከራትም። ይህን ሁሉ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ለራሱ ነግሮታል።

አሮጊቷ ይህንን ያለ አስተርጓሚ ሰምተውት ነበር።

«ከምን ይሞታል?» አሉ።

ሁሉም ወደየሳህናቸው አጎንብሰው ጠበቁት፤ ኢነድም ጭምር።

«ሆስፒታል ነው፣ እማዬ» አለ ሂዩበርት። «አንድ በሽታ አያጡለትም።»